«ነፃ ወጣ» እና «አልተረጋገጠም» አንድ አይደሉም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአውስትራሊያና በህንድ የክሪኬት ብሔራዊ ቡድኖች መካከል ስላለው የቆየ ቁርሾ በስፖርት ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ለአብዛኛው አንባቢያችሁ እንግዳ የሆነን ጨዋታ ለማስረዳት የተደከመበት በመሆኑ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 ሲድኒ ላይ የተነሳውን የዘረኝነት ክስ «በቋንቋ አለመግባባት የተፈጠረ፣ ህንዳዊውም ነፃ የወጣበት» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋቸው፣ ነገሩን እዚሁ አውስትራሊያ ሆነን ለተከታተልን ሰዎች የሚዋጥ አልሆነም።

ጠቡ የተጀመረው አምስት ቀን በሚወስደው ጨዋታ በሦስተኛው ቀን ነው። ህንዳዊው ሃርባጃን ሲንግ ከአገሩ ልጅ ከሳቺን ቴንዱልካር ጋር ሜዳ ላይ ሳለ፣ አውስትራሊያዊው ፈጣን ወርዋሪ ብሬት ሊ ጥሩ ኳስ ስለወረወረለት፣ ሃርባጃን በአጠገቡ ሲያልፍ የሊን መቀመጫ በመምቻው ቸብ አደረገው። ይህ በሁለቱ መካከል ወዳጅነት የተሞላበት ቀልድ ነበር። ነገሩን ያልወደደው ሌላው አውስትራሊያዊ አንድሩ ሳይመንድስ ግን ለጓደኛው ተቆርቁሮ ህንዳዊውን ተናገረው፤ ሃርባጃንም መለሰለት፤ አውስትራሊያውያኑ መልሱ «ጦጣ» የሚል ነበር ብለው ከሰሱ። በእኛ ቋንቋ ጦጣ ከብልጣብልጥነት ያለፈ ላይመስል ይችላል። ሳይመንድስ ግን የካሪቢያን ደም ያለው፣ ከሦስት ወራት በፊት በቫዶዳራና በሙምባይ ስታዲየሞች ተመልካቾች የጦጣ ድምፅ እያሰሙ ሲያላግጡበት የከረመ ሰው ነበር። ይህን ጽሑፋችሁ ጨርሶ አላነሳውም።

የጨዋታው ታዛቢ ማይክ ፕሮክተር ሃርባጃንን ለ3 ጨዋታዎች አገዱት። የህንድ ቡድን ወደ ካንቤራ ሊያደርግ የነበረውን ጉዞ ትቶ ሲድኒ ተቀመጠ፤ ቡድኑ በአውስትራሊያ የሚያደርገው የጨዋታ ጉብኝት ሊቋረጥ ነው የሚለው ወሬም አገሩን አዳረሰ። ይግባኙን በወሩ መጨረሻ አደላይድ ላይ የሰሙት የኒውዚላንዱ ዳኛ ጆን ሃንሰን ናቸው። እርሳቸው ያሉት ቃሉ አልተነገረም አይደለም፤ ምስክሮቹ ስለተጋጩና ከመቺው ኋላ በሚተከሉት እንጨቶች ውስጥ የተቀበረው ማይክሮፎንም ያንኑ ቃል ስላልያዘው ክሱ በሚፈለገው መጠን አልተረጋገጠም ነው ያሉት። ከዚህም ሌላ ሃርባጃን በአነስተኛው የስድብ ክስ ጥፋተኝነቱን ተቀብሎ የጨዋታ ክፍያውን ግማሽ ተቀጥቷል። ጥፋቱን አምኖ የተቀጣን ሰው «ነፃ ወጣ» ማለት እንዴት ይቻላል? ዳኛው የሃርባጃን የቀድሞ ጥፋቶች በሙሉ እንዳልቀረቡላቸውና ቢያውቁ ኖሮ ቅጣቱ ሊለይ ይችል እንደነበር በኋላ መናገራቸውንም መዘንጋት አይገባም።

ስለ «ቋንቋ አለመግባባቱ» አንድ ነገር ልበል። የመከላከያው ወገን ሃርባጃን የተናገረው «ተሪ ማ ኪ» የሚል የህንድኛ ስድብ ነው ብሎ ነበር። በዚያ ሳምንት ሜልቦርን አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ተራ ስንጠብቅ፣ አንድ የፑንጃብ ተወላጅ ባልደረባዬ በመኪናዬ መስኮት ጎንበስ ብሎ ሐረጉን መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ በጥድፊያ አለልኝ። በጥድፊያ ሲባል የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ተገጣጥመው ጦጣ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ማንኪ»ን በእርግጥ ይመስላሉ። ትርጉሙን ስጠይቀው ግን አፍሮ ሳቀ፤ እናትን የሚያነሳ ስድብ ነው። እኛ ዘንድ «ዘሩን አልነካሁም፣ እናቱን ነው የሰደብኩት» ብሎ ሽማግሌ ፊት የሚቆም ሰው ጥፋቱን አቀለለ የሚለው አይገኝም።

ይህን ስል አውስትራሊያውያኑን ንጹሕ ማድረጌ አይደለም። ለከፋን እንደ ሙያ የያዙት፣ «አእምሮን ማፍረስ» የሚል ስም አውጥተው የኮሩበት እነርሱው ናቸው፤ «እስከ መስመሩ እንሄዳለን፣ መስመሩን ግን አናልፍም» ሲሉም መስመሩን የሚያሰምሩት ራሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የራሳቸው ሰው ዳረን ሌማን ብሪዝቤን ላይ ከሜዳ ሲወጣ በስሪላንካውያን ላይ በተናገረው ዘረኛ ቃል የ5 ጨዋታ እገዳ ተጥሎበታል። ሃንሰንም በውሳኔያቸው ሳይመንድስን ገሥጸውታል፤ ተጫዋቾች ሁሉ እንደ እርሱ የባላጋራን የወዳጅነት ምልክት የሚጠሉ ከሆነ ለክሪኬት አሳዛኝ ቀን ነው ሲሉ።

እንግዲህ በሲድኒው ጉዳይና እ.ኤ.አ. በ2019 ደርባን ላይ በሆነው መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ይበሉ። የፓኪስታኑ አምበል ሳርፍራዝ አህመድ የደቡብ አፍሪካውን አንዲሌ ፔህሉክዋዮን በኡርዱ ቆዳውንም እናቱንም አንስቶ ሲናገረው ማይክሮፎኑ ቃል በቃል ያዘው፤ 4 ጨዋታ ታገደ፣ ይቅርታም ጠየቀ። በ2008 ግን ቃሉን የያዘ ድምፅ አልነበረምና ነገሩ የአንዱ ወገን ቃል ከሌላው ወገን ቃል ጋር የሚፋጠጥበት ሆነ፤ በዚህ መካከልም የሁለቱ አገሮች የክሪኬት ቦርዶች ጥቅምና የአገር ክብር ገቡበት። የያኔው የአውስትራሊያ አምበል ሪኪ ፖንቲንግና ጓደኞቹ የገዛ ቦርዳቸው ከኋላቸው እንዳልቆመ ከዚያ ወዲህ በይፋ አማርረዋል።

በዚህ ሁሉ የተረሳው ሳይመንድስ ነው። ቁልቁል መንሸራተቱና መጠጥ ማብዛቱ ከዚያ ክርክር እንደጀመረ ራሱ ተናግሯል፤ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ከአውስትራሊያ ክሪኬት ቦርድ ጋር የነበረው ውል ተሰረዘ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሃርባጃን ጋር በሙምባይ ክለብ አብረው ተጫውተዋል። ሳይመንድስ «አልቅሶ ይቅርታ ጠየቀኝ» ሲል ሃርባጃን «መቼ አለቀስኩ?» ብሎ አስተባብሏል። ሳይመንድስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 በ46 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ «ነፃ የወጣበት» የሚለው «የዘረኝነቱ ክስ በማስረጃ ያልተረጋገጠበት፣ በስድብ ግን የተቀጣበት» በሚል እንዲታረምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከፉትስክሬይ፣ ሜልቦርን