የፓስፍሬዙ ነገር

ወንድምዓለም እንደምን ከርመሃል? እማማስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሳናወራ ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ወደ አዳማ ልትሄድ ሰሞን ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን "ይሄ ሰርቨር አንተ ከሌለህ አይነሳም፣ ልክ አይደለም" ስትለኝ ስራዬን የናቅክብኝ መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ልክ ነበርክ።

አምና የከተራ ዕለት ታቦታቱን አጅበን ጥምቀተ ባህር ወርደናል፣ ህዝቡን ታውቀዋለህ እግር ማሳረፊያ የለም፣ ለካ መብራት ጠፍቶ የክሊኒኩ መጠባበቂያ ባትሪ ዩፒኤሱም አልቆ ሰርቨሩ ድርግም ብሏል። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ተነሳ፣ የክሊኒኩን ገጽ የሚያቀርበው ፕሮግራም ኤንጂንኤክስ ግን ፕራይቬት ኪዩ (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት የሚስጥር ቁልፍ ፋይል) በፓስፍሬዝ፣ ማለትም በረጅም የይለፍ ቃል ስለተቆለፈና ፓስፍሬዙን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ አልተነሳም። ስልኬ ኔትወርክ የለው። በነጋታው ስደርስ ተረኛዋ ነርስ ሌሊቱን ሙሉ የታካሚዎቹን መድሀኒት በደብተር ወረቀት ስትጽፍ አድራ ወረቀቶቹን ደርድራ ሰጠችኝ፣ ምንም አላለችኝም። ያኔ ነው አንተ ያልከኝ ትዝ ያለኝ።

ከዛ ቁልፍና ሰርተፍኬት (የሰርቨሩን ማንነት ማረጋገጫ) ማውጣቱን ሁሉ ያለ ሰው በራሱ በሚሄድ ስክሪፕት አደረግኩት። ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለው ፕሮግራም ቁልፍ ሲያወጣ ፓስፍሬዝ እንዳይጠይቅ ኖድስ (-nodes) የምትለዋን አማራጭ ትሰጠዋለህ፣ እኔ ስለ ኖድ (ኔትወርክ ላይ ስላለ ማሽን) የምታወራ ይመስለኝ ነበር ለካ "ኖ ዴስ" ናት፣ ቁልፉን በዴስ (በድሮው የማመስጠሪያ ዘዴ) አትቆልፈው ማለት፣ ከቨርዥን 3 ወዲህ ኖኤንክ (-noenc) የምትባል ተተክታላታለች። አገር፣ ከተማ፣ ድርጅት እያለ የሚደረድረውን ጥያቄ ደግሞ ሳብጀክቱን (የሰርተፍኬቱን ባለቤት መረጃ) እዛው መስመር ላይ ስትጽፍለት ዝም ይላል። የሰርቨሩን ስም ኮመን ኔም በሚባለው ቦታ ላይ ብቻ እንዳትተው፣ ክሮም በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ የሚያየው ሳብጀክት ኦልተርኔቲቭ ኔም በሚባለው ሌላ ቦታ ላይ ያለውን ነው፣ እኔን ግማሽ ቀን የፈጀብኝ እሱ ነው። ከሩቅ ሰርቨር መግቢያ ቁልፍ ለሚያወጣው ለኤስኤስኤች ኪጄን ደግሞ ትልቋን ኤን (-N) ከባዶ ጥቅስ ጋር ትሰጠዋለህ፣ አለቀ።

አንዱ ልጅ ፓስፍሬዙ አይቅር፣ ኮማንዱ ላይ እንጻፈው ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩት፣ ፒኤስ (እየሄዱ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረውን ትእዛዝ) ያለ ሁሉ ያየዋል፣ የተጻፉ ትእዛዞች በሚመዘገቡበት ሂስትሪ ላይም ይቀራል። ፋይል ውስጥ አድርጎ ከቁልፉ ጎን ማስቀመጥም ያው ነው፣ ቁልፉን ያገኘ ፋይሉንም ያገኘዋል። ስለዚህ ፓስፍሬዙን አወጣሁትና ጥበቃውን ፋይሉ ላይ አደረግኩት፣ ስክሪፕቱ ገና ሲጀምር ዩማስክ 077 ይላል (አዲስ ፋይል ለባለቤቱ ብቻ እንዲከፈት)፣ ቁልፉ ሲወለድም 600፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት ሆኖ ነው፣ ከሩት (ከሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ) ሌላ ማንም አያነበውም። መጀመሪያ ፈጥሮ በኋላ ፐርሚሽን መቀየር አልወደድኩም፣ መሀል ላይ ትንሽም ብትሆን ክፍት የምትሆንበት ጊዜ አለች።

አንተም ሰርተፍኬት በእጅህ የምታድስ ከሆነ ተው። ሰርተፍኬት በነጻ የሚያድለው ሌትስ ኢንክሪፕት 90 ቀን ነው የሚሰጥህ፣ ከመጋቢት 2029 በፈረንጆቹ ጀምሮ ደግሞ ብሮውዘሮቹ የሚያምኑት የአደባባይ ሰርተፍኬት ሁሉ ከ47 ቀን አይበልጥም ተብሎ ተወስኗል፣ በየወር ተኩሉ ማን ቁጭ ብሎ ፓስፍሬዝ ይጽፋል?

የውስጥ ሲኤያችንን (ለራሳችን ማሽኖች ሰርተፍኬት የሚፈርመውን) ሩት ቁልፍ፣ የሁሉም ፊርማ መነሻ የሆነውን፣ ግን አልነካሁትም። እሱ ፓስፍሬዙ እንዳለበት ፍላሽ ላይ ሆኖ ካዝና ውስጥ ነው፣ በዓመት አንዴ ወጥቶ የዕለት ተዕለቱን የሚፈርመውን ኢንተርሚዲየት ሰርተፍኬት ይፈርምና ይመለሳል። ፓስፍሬዙን አሁን ሁለት ሰው ያውቀዋል፣ ሶስተኛው አንተ ብትሆን ደስ ይለኛል፣ ለጥምቀት ስትመጣ በአካል እነግርሃለሁ። ትመጣለህ አይደል?