የታሪክና ባህል ክበብ ዘንድሮ፦ ጫማ የወለቀበት ቅዳሜ

የተማሪዎች ክበባችን በየሁለት ሳምንቱ ተሰብስቧል። ሰብሳቢ መረጥን፣ ለአድዋ በዓል ጽሑፍ አቀረብን፣ የፊደል ውድድሩን በረዶ አስቀረብን። ስለ ስብሰባ ከዚህ በላይ አላደክማችሁም። ያነጋገረው የግንቦቱ ጉብኝት ነው።

በዋሺንግተን 16ኛው ጎዳና ያልተመላለሰ ወላጅ የለም። እዚያው መንገድ ላይ የስሪላንካ መነኮሳት ያሉበት የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ እንዳለ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዋሺንግተን ቡድሂስት ቪሃራ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አጋማሽ ነው የተመሠረተው። ከውጭ ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ታክሲ የሚነዳ አንድ አባት «ስንት ዓመት ሳልፍ የሰው ቤት ይመስለኝ ነበር» ብሎኛል።

በሩ ላይ ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። የአንዷ ካልሲ አውራ ጣቷ ጋ ተቀዷል፤ በሌላው እግሯ ሸፈነችው። መነኩሴው ከቀትር በኋላ እህል እንደማይቀምሱ ሲነግሩን አንዱ ልጅ «እኛ ደግሞ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንቀምስም» አላቸው። ሳቁ።

ከዚያ ስለ ቡድሃ ወጣትነት አወሩልን። አባቱ ንጉሥ መከራ እንዳያይ ብሎ በቤተ መንግሥት አሳደገው። አንድ ቀን ሲወጣ ሽማግሌ፣ በሽተኛና ሬሳ አየ። ያቺ ካልሲዋ የተቀደደው ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ ይሄ ይዋስፍ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ነው እንጂ! እጨጌ እንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት፣ ስለ ልዑል ይዋስፍ የሚተርከው «በረላም ወይዋስፍ» የተባለው መጽሐፍ መነሻው የቡድሃ ታሪክ ነው። ይዋስፍ የሚለው ስምም ቡድሃ ከመብቃቱ በፊት ከሚጠራበት «ቦዲሳትቫ» ከሚለው የመጣ ነው፤ በዐረብኛ በቃል መነሻ ላይ «በ» እና «የ» የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ስለሆነ ተምታታ። በየካቲት ከዚሁ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ፎቶኮፒ ሳስነብባቸው አንድም ሰው የሚሰማኝ አልመሰለኝም ነበር። እዚያው ምንጣፉ ላይ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ልጆቻችንን ጣዖት ቤት ወሰድክ» ያላችሁኝ ወላጆች፣ የፈቃዱ ወረቀት ላይ ቦታው ምን እንደሆነ አለማብራራቴ ጥፋቴ ነው። ልጆቹ ግን የሄዱት ሊጠይቁ እንጂ ሊጸልዩ አይደለም።

ከ19 አባላት ሰባቱ መኪና ሞልቶባቸው ቀርተዋል። ለወላጆች ቀን ኬክ የወጣው ገንዘብ አንድ ቫን ይከራይ ነበር። ኬኩን እኔም በልቻለሁ፣ አልክድም። በሚቀጥለው ጉዞ ሰባቱን አስቀድማለሁ ብያለሁ። ሰፊ መኪና ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ክፍሌ በር ላይ አለሁ።