ስልኬ ዝም ያለበት ቅዳሜ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሰላምታውን እንዲህ ማሳጠሬን ይቅር በይኝ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ማታ ዘጠኝ ጊዜ ስትደውሉልኝ ያላነሣሁበትን ምክንያት ሳልነግርሽ ሌላ ቃል መጻፍ አልሆነልኝም። ሐኪሙ ዓይንሽን እንዳታደክሚ ስላዘዘሽ ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ። እህት ዓለም፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ ወንድም ጋሼን የሚመለከተውንም ክፍል እሱ ባለበት አንብቢው።

ወንድም ጋሼ በላከልኝ የድምፅ መልእክት «እናትህ ዓይኗን ስትታከም አንተ ጨዋታ ላይ ነበርህ» ብሎኛል። የተናገረው እውነት ነው። ያን ምሽት ከአምስት ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ ራሴ የሠራሁትን ጨዋታ አጫውት ነበር። የሁላችንም ስልክ ድምፁ ተዘግቶ በአንድ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ስልክ ወደ ካርቶን ይግባ የሚለውን ሕግ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። የቀዶ ሕክምናው ቀን ሰኞ ነው ተብሎ ተነግሮኝ ስለነበር ወደ ቅዳሜ መቅደሙን አላወቅሁም። ከአራት ሰዓት በኋላ ስልኬን ከካርቶኑ አውጥቼ ስማችሁን ተደራርቦ ሳይ እጄ ደነዘዘ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ፣ ደውዬ ድምፅሽን ሰማሁ፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ተኛ» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ያልሁት ከእፍረት እንጂ ከመርሳት አይደለም።

ነገር ግን ጨዋታ ሲባል ወንድም ጋሼ የሚያስበው ቁማርን ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይደለም። የሚና ጨዋታ ነው የሚባለው። ከተጫዋቾቹ አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፣ ያንን ሰው ሆነው ይናገራሉ። አጫዋቹ «ከወንዙ ማዶ መብራት ይታያል፣ ድልድዩ ግን ተሰብሯል» ይልና «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚሳካና የማይሳካ መሆኑ ያጠራጠረ እንደሆነ ዳይስ፣ ማለትም በስድስቱ ገጾቹ ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ኩብ፣ ይጣላል። አሸናፊ የለም፣ ተሸናፊ የለም፣ ገንዘብም አይያዝበትም፤ በመጨረሻ የሚተርፈው ሁሉም አብረው የሠሩት ታሪክ ነው።

ይህን ዓይነት ጨዋታ በመጀመሪያ አሳትመው ያወጡት ሰዎችም እንደ እኔ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ነበሩ። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር፤ እሱም እቤት ውስጥ በእጅ ነበር የሚሰናዳው። ጋይጋክስ ቀደም ሲል ከኢንሹራንስ ሥራው ከወጣ በኋላ ጫማ በመጠገን ይተዳደር ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ለመቀመጥ የማንንም ፈቃድ እንደማልፈልግ ገባኝ።

እንዴት እንደጀመርሁ አልነገርሁሽም። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ክረምት ከሥራ በኋላ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እሄድ ነበር፤ የምሄደው ሙቀት ስላለው ነው። (ክፍሌ አሁን ሞቃት ናት፤ ስለዚህ አታስቢ።) አንድ ቀን ከበሩ አጠገብ ቅዳሜ ማታ የሚና ጨዋታ እንዳለና ማንም መምጣት እንደሚችል የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። በዚያን ጊዜ ከሥራ ትእዛዝ በቀር ከሰው ጋር አንድም ቃል ሳልለዋወጥ ሳምንቱ የሚያልቅበት ወቅት ነበር። ገባሁ። በቋንቋቸው ለመናገር አፌ ይያዝ ነበር፤ የሚናገረው ግን እኔ ሳልሆን አንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ስለነበረ፣ እሱም ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ስለነበረ፣ ምላሴ ተፈታ። ማንም አላረመኝም፤ ማንም ከየት ነህ አላለኝም። «ጀልባው ውኃ እያስገባ ነው፤ ምን ታደርጋለህ?» ብቻ ነበር ያሉኝ።

እማዬ፣ ያን ጥያቄ ስሰማ ያየሁት አንቺን ነው። መብራት በጠፋ ሌሊት ልብስ እየጠቀምሽ ትነግሪን የነበረውን ታሪክ መካከል ላይ ስታደርሺው መርፌሽን ታቆሚና «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ትዪኝ ነበር። የመለስንልሽንም ታሪኩ ውስጥ ታስገቢው ነበር። እህት ዓለም አንበሳውን ከመውጋት ይልቅ ውኃ እሰጠዋለሁ ያለችበትን ሌሊት ታስታውሻለሽ? ያ አንበሳ ለአንድ ወር ያህል ከማንኛውም ታሪክ አልጠፋም፤ ነጋዴ ሆነ፣ ዘበኛ ሆነ፣ አንድ ጊዜም ታሞ ተኛ። እዚህ ያሉት ሰዎች ከወፍራም መጻሕፍት የተማሩትን ጥበብ እኔ ከአንቺ ጉልበት ሥር ተምሬው ኖሮ አላወቅሁትም።

የራሴን ጨዋታ ለመሥራት የተነሣሁት ከዚያ ሌሊት ነው። ስሙ «አንድ ፋኖስ» ነው። መንገደኞች በአንድ ሌሊት ረጅም መንገድ ይሻገራሉ፤ ያላቸው አንድ ፋኖስ ብቻ ነው፤ ዘይቱም አሥር ዶቃ ነው። ፋኖሱን የያዘው የሚታየውን ይናገራል፣ የቀሩት በጨለማ የሚሰሙትን ብቻ ይናገራሉ። አንድ ነገር ለማድረግ የሞከረ ሰው ሁለት ዳይስ ይጥላል። ድምሩ አሥርና ከዚያ በላይ ከወጣለት ያሰበው ይሳካል፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ከሆነ ይሳካል፣ ግን አንድ ነገር ያስከፍላል፤ ስድስትና ከዚያ በታች ከሆነ መጥፎ ውጤት ነው። ይህን አከፋፈል ያገኘሁት እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣውና ብዙ ሠሪዎች ከተከተሉት «አፖካሊፕስ ወርልድ» ከተባለው ጨዋታ ነው፤ መዋስ በዚህ ሙያ ነውር አይደለም፣ ከማን እንደተዋሱ መናገር ግን ግዴታ ነው። መካከለኛዋን ውጤት በተለይ እወዳታለሁ። ያሰብሁት ሆነልኝ፣ ነገር ግን ከፈልሁበት የሚል ሰው ስሜቱ እንዴት እንደሆነ ለእኔ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። 40 ገጽ ሕግ ጽፌ ነበር፤ መንገደኞቹ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ዘይቱ አለቀ። ጠረጴዛችን ላይ ጡረታ የወጡ አንዲት የሒሳብ መምህርት አሉ፤ ከእኔ ቀድመው ምክንያቱን ያዩት እሳቸው ናቸው። በእርሳስ ስድስት በስድስት ሠንጠረዥ ሠሩና የሁለቱን ዳይሶች 36 አወጣጦች አንድ በአንድ ሞሉልኝ፤ አሥርና በላይ በ6ቱ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ በ15ቱ፣ ስድስትና በታች በ15ቱ። እኔ ደግሞ መካከለኛው ውጤት አንድ ዶቃ፣ መጥፎው ሁለት ዶቃ እንዲያቃጥል አዝዤ ነበር። «ልጄ» አሉኝ፣ «በስምንት ውርወራ ገደማ ሁሉንም ጨለማ ውስጥ ትተሃቸዋል»። ያችን «ልጄ» የምትል ቃል በእነሱ ቋንቋ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ እንደነበር አልነግርሽም። ሕጉን ቀየርነው፤ ዘይት የምታቃጥለው መካከለኛዋ ውጤት ብቻ ሆነች፣ እሷም አንድ ዶቃ ብቻ፤ መጥፎው ሲወጣ ፋኖሱ ወደ ሌላ እጅ ያልፋል፣ መንገዱም ይከፋል። አሁን አሥሩ ዶቃ በአማካይ 24 ውርወራ ያህል ያስኬዳል፤ ይህም ለአንድ ምሽት ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ከሁሉ የከበደኝ ዝም ማለት ነበር። አንድ ጨዋታ በትክክል መሠራቱ የሚታወቀው ሠሪው ሳይናገር ሌሎች ወረቀቱን ብቻ አንብበው ሲጫወቱት ነው። ከእኛ መካከል አውቶቡስ የሚነዳ አንድ ሰው አለ፤ ለማብራራት አፌን በከፈትሁ ቁጥር ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርግብኝ ነበር። የተደናገሩበትን መስመር እያሰመርሁ፣ ያልተጠቀሙበትን ሕግ እየሰረዝሁ፣ 40ው ገጽ 16 ሆነ፤ ይህም አራት ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ ማለት ነው። እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ በስቼ በክር እሰፋዋለሁ። ክሩን ከመርፌው ዓይን ከማሳለፌ በፊት ጫፉን እንደ አንቺ በከንፈሬ አረጥበዋለሁ። ባለፈው ዓመት «መርፌ ክር አልቀበል አለኝ» ብለሽ የነገርሽኝ ጊዜ ስቄ ማለፌ፣ ዓይንሽን አሳይተሽ እንደሆነ እንኳ አለመጠየቄ፣ እያንዳንዷን መጽሐፍ ስሰፋ ይመጣብኛል።

ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ለዚህ ነገር የማወጣው ወጪ ወረቀትና ክር ነው፤ ዳይሶቹ አንድ ጊዜ ተገዝተው ዓመታት የሚያገለግሉ ናቸው። ለሕክምናው የላክሁት ገንዘብ ያነሰው በዚያ ወር የሥራ ሰዓቴ ስለተቀነሰ ነው፤ አሁን ተስተካክሏል። በሳምንት አንድ ምሽት ሰው መሆኔን የማስታውስበትን ቦታ ከነሣኸኝ የቀሩትን ስድስት ቀናት በምን ጉልበት እንደምሠራቸው አላውቅም። ይህን በቁጣ አልጻፍሁትም፤ በዚያ ሌሊት እናታችን አጠገብ የነበርኸው አንተ ነህ፣ የመቆጣት መብቱም ያንተ ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሳምንት ላለመሄድ አስቤ ነበር፤ ሄድሁ። አጫዋቿ ሌላ ሰው ነበረች፤ በታሪኩ ውስጥ መንገደኞቹ የታመመች እናት ካለችበት ቤት ደረሱ። ጠረጴዛችን መካከል ሁልጊዜ የኤክስ ምልክት ያለበት አንድ ካርድ ይቀመጣል፤ አንድ ሰው ከነካው ያ ትዕይንት ይቆማል፣ ምክንያቱም አይጠየቅም። እኔ ነካሁት። አጫዋቿ ቃል ሳትጨምር «ቤቱን አልፋችሁ ሄዳችሁ፤ ጎህ እየቀደደ ነው» አለች። ሁሉም ቀጠሉ። በእረፍት ሰዓት ግን የአውቶቡስ ነጂው ካርቶኑን አንሥቶ ስልኬን አወጣና ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ከፊቴ አስቀመጠልኝ። አሁን በሕጋችን ላይ «በአገሩ የታመመ ሰው ያለው ስልኩን ከፊቱ ያስቀምጥ» የሚል ተጽፏል፤ በመጽሐፏም የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ።

እህት ዓለም፣ በሠርግሽ ቀን አለመገኘቴን እዚህ ላይ በአንድ መስመር ማለፍ አልፈልግም። የምታገቢውን ሰው ድምፁን እንጂ ፊቱን አላውቀውም፤ ድምፁ ትዕግሥተኛ ሰው እንደሆነ ይናገራል፤ አንቺም ደግሞ ስለሱ ስትነግሪኝ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርሺ ነው ወደሚቀጥለው የምትዘዪው፤ ይህንም በደንብ ሰምቻለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት መጽሐፍ ልኬያለሁ። ትንሿ ለሁለታችሁ ብቻ የሠራኋት ናት፤ ዳይስ የላትም፤ ሁለት ሰዎች በተለያየ አገር ሆነው ደብዳቤ የሚጻጻፉባት ጨዋታ ናት። የአንበሳውን ታሪክ ንገሪውና እሱ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ጠይቂው፤ የሚመልስልሽን ለእኔም ጻፊልኝ።

ትልቋ ያንቺ ናት እማዬ። ፊደሏን አጉልቼ አሳትሜያታለሁ፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድልሽ ድረስ ግን አታንብቢያት፤ እህቴ ታንብብልሽ። ዳይሶቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ከውስጥ አሉ፤ ቁጥራቸው በቀለም ብቻ ሳይሆን ተቆፍሮ የተሠራ ስለሆነ በጣትሽ ዳብሰሽ ማወቅ ትችያለሽ። ቅዳሜ ማታ በፈለግሽው ሰዓት ደውይ፤ ስልኬ ከፊቴ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ ድምፅሽን ለመስማት ይጠብቃሉ።

መንገደኛዋ አንቺ ነሽ እንበል። ሌሊቱ ተጋምሷል፣ የቀረሽ ዘይት አንድ ዶቃ ነው፣ ከወንዙ ማዶም የሚጣራ ሰው ድምፅ ትሰሚያለሽ፤ ማን እንደሆነ ግን አይታይም። ምን ታደርጊያለሽ?

ልጅሽ