የጥንቸላችሁ ውሃ በምን ይቅረብ?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ለጥንቸል የሚሆን የውሃ ዕቃ ፈልጋችሁ የምትመጡ በዝታችኋል። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁት ሽቦው ላይ የሚንጠለጠለውን ጠርሙስ ነው። እኛ ደግሞ ከመሸጣችን በፊት «ከባድ ጎድጓዳ ሳህን አይሻልም ወይ?» እንላለን። ለምን እንደዚያ እንደምንል ሱቅ ውስጥ ቆሞ ለማስረዳት ጊዜ ስለማይበቃ ይህን ጻፍንላችሁ።

«ጎመን የምትበላ ጥንቸል ውሃ አያስፈልጋትም» ሲባል እንሰማለን። ልክ አይደለም። ጥንቸል በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ትፈልጋለች። ሁለት ኪሎ ከመዘነች እስከ 300 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ደረቅ ሣር የምትበላዋ ደግሞ ከዚህኛው ጫፍ አትርቅም። ውሃ ካጣች መብላት ትተዋለች፣ ከዚያ አንጀቷ ሥራ ያቆማል። ይሄ ጥንቸልን የሚገድል ነገር ነው። ትርፍ ካልሲየሟን የምታስወጣውም በሽንቷ ስለሆነ፣ ውሃ ሲያንሳት ሽንቷ ይወፍርና መሽናት ያማታል።

አሁን ጠርሙሱን እንየው። ቱቦው ጫፍ ላይ አንዲት የብረት ኳስ አለች። ጥንቸሏ በምላሷ ገፋ ስታደርጋት ጠብታ ይወርዳል፣ ሌላ ጠብታ ስትፈልግ እንደገና መግፋት አለባት። በተፈጥሮዋ ግን አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ከተኛ ውሃ ላይ ነው የምትጠጣው። ሁለቱም ሲቀርቡላቸው ብዙ ጥንቸሎች ወደ ሳህኑ ነው የሚሄዱት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን የኳሷ መጣበቅ ነው። ጠርሙሱ ሙሉ ስለሆነ ባለቤቱ «ውሃ አላት» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጥንቸሏ ደረቅ ብረት ስትልስ ትውላለች። በእኛ በአዳማ ሙቀት ይሄ ከባድ ነው። ጥንቸል እንደ ሰው አታልብም፣ ሙቀቷን በብዛት የምታስወጣው በጆሮዎቿ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያለች ጥንቸል ግማሽ ቀን እንኳ ያለ ውሃ መዋል የለባትም።

ሳህን ስትመርጡ መጀመሪያ ክብደቱን እዩ። ጥንቸል ሳህን በጥርሷ ነክሳ መገልበጥ ትወዳለች። ከአፉ ይልቅ ቂጡ ሰፋ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ቅብ ያለው የሸክላ ሳህን ጥሩ ነው። ቀላል ፕላስቲክ አንመክርም፤ ይገለበጣል፣ ትቆረጥመዋለችም። በጣም ጥልቅ አይሁን፤ በተለይ ሴቶቹ ከአገጫቸው ስር የሚንጠለጠል ቆዳ ስላላቸው፣ እሱ ሁልጊዜ ሲረጥብ ይቆስላል።

ቤታችሁ ወፍራም ጣባ ካለ ከእኛ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ቅብ የሌለው ሸክላ ልክ እንደ እንስራ ውሃውን ቀዝቀዝ ያደርጋል። ቆሻሻ ግን ይይዛል። ስለዚህ በብሩሽ ፍተጉት፣ ፀሐይ ላይም አድርቁት። ሁለት ጣባ እያፈራረቁ መጠቀም ደግሞ ይበልጥ ያመቻል።

ሳህኑን ከምትጸዳዳበት ጥግ አርቁት። ገለባና ሣር የሚገባበት ከሆነ ዝቅ ያለ ጡብ ላይ አስቀምጡት። ውሃውን በየቀኑ ለውጡ፣ በሙቀት ወቅት ጠዋትና ማታ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ በአቼቶ እጠቡትና በደንብ አለቅልቁት። ስኳር፣ ማር፣ ሎሚ አትጨምሩበት፤ ንጹሕ ውሃ ይበቃታል። ውሃ በሚጠፋባቸው ቀናት ክዳን ባለው ጄሪካን ለእሷም አስቀምጡላት።

ጠርሙስ የገዛችሁ አትጣሉት። መንገድ ስትሄዱ ይጠቅማችኋል፣ ሳህኑ ድንገት ቢገለበጥም መጠባበቂያ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ኳሷን በጣታችሁ ገፋ አድርጉና ውሃው መውረዱን አረጋግጡ። የውሃውን ልክ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፤ ማታ ካልጎደለ አንድ ችግር አለ ማለት ነው። ጠርሙስ የለመደች ጥንቸል ከሆነች ደግሞ ሳህኑን ስትለምድ እስክታዩ ድረስ ሁለቱንም አቅርቡላት።

ግማሽ ቀን ሙሉ ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች ግን ዕቃ መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ሳትውሉ ሳታድሩ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት።

የሚያንጠባጥብ ወይም ኳሱ የሚጣበቅ ጠርሙስ ካላችሁ፣ ከየትም ግዙት፣ ይዛችሁት ኑ። ያለ ክፍያ እናይላችኋለን። ሳህን ለመግዛት ስትመጡም የጥንቸሏን ክብደትና የምትኖርበትን ቤት ስፋት ብትነግሩን ልኩን አብረን እንመርጣለን።

ከሰላምታ ጋር
የሱቁ ባልደረቦች፣ አዳማ