ሜሪላንድን ማን ጠየቃት?

ለተከበሩ የዝግጅት ክፍሉ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ትምህርት ቤት መክፈቻ ግዢ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም። እኔ እንኳን ሳልፈልገው ከዘመድም ከጎረቤትም፣ ከማኅበር ጓደኞቼም በስልኬ ደጋግሞ ደርሶኛል። ስለዚህ ይዘቱን መልሼ አልተርክም። ብዕር ያስነሣኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ከዓርብ እስከ እሑድ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ ማንኛውም የትምህርት ቁሳቁስ ያለ ታክስ ይሸጣል።» እዚህ ውስጥ እውነት ያላት ቨርጂኒያ ብቻ ናት፤ እርሷም ብትሆን በግማሽ።

ነገሩን በወጉ ላስረዳ። የቨርጂኒያ የታክስ እፎይታ (የሽያጭ ታክስ የማይከፈልባቸው ቀናት) በኦገስት የመጀመሪያው ዓርብ ጀምሮ እሑድ ያበቃል። ከታክስ ነፃ የሚሆነው ዋጋው 20 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ የትምህርት ቁሳቁስ ነው፤ ልብስና ጫማም በነጠላ እስከ 100 ዶላር። «ማንኛውም» የሚለው ከየት እንደመጣ ዘጋቢያችሁ ያውቃል። ሜሪላንድ ግን ሌላ ግዛት ናት። የራሷ ሕግ አውጪ፣ የራሷ ኮምፕትሮለር (ግብር ሰብሳቢ ባለሥልጣን)፣ የራሷ ቀን አላት። የእኛ ሳምንት የሚጀምረው በኦገስት ሁለተኛው እሑድ ሲሆን እስከ ተከታዩ ቅዳሜ ይዘልቃል። በዚያ ሳምንት ታክስ የማይከፈልበት፣ እያንዳንዱ ከ100 ዶላር ያልበለጠ ልብስና ጫማ ነው። ከደብተር ቦርሳ ዋጋ ላይም የመጀመሪያው 40 ዶላር ይታለፋል። ደብተሩ ራሱ ግን ታክስ አለበት። እርሳሱም፣ ማስመሪያውም፣ ሙጫውም፣ ካልኩሌተሩም አለባቸው። ቦርሳው ነፃ፣ በውስጡ የሚገባው ሁሉ ባለታክስ! ሕጉ ቢያስቅም ሕግ ነው፤ የሚያስቅ ሕግ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ በጥንቃቄ መነበብ ነበረበት። ዲሲ እንዲህ ያለ ሳምንት ጭራሽ የላትም።

«ትንሽ ስሕተት ናት፣ ምን ያንጫጫል?» የሚል ይኖራል። ቅዳሜ ዕለት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ መደብር ተሰልፌ ሳለሁ ከፊቴ የነበሩት እናት ግን ትንሽ አልሆነችባቸውም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ለልጅ ልጆቻቸው ሲለቅሙ የቆዩ ናቸው፦ ደብተር፣ ማኅደር፣ ባለ ቀለም እርሳስ፣ ለትልቁ ልጅ ካልኩሌተር። ሒሳቡን ልክ ባሰቡት መጠን በጥሬ ገንዘብ ይዘው ነበር የመጡት። ማሽኑ ሦስት ዶላር ከምናምን ታክስ ሲጨምርባቸው ስልካቸውን አውጥተው የእናንተን ዘገባ ለገንዘብ ተቀባይዋ አሳዩአት። ልጅቷ አማርኛ አታነብም። ቢሆንም ጎንበስ ብላ በትሕትና አየችው። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ እስኪ አንቺ ንገሪያት፤ ተጽፏል እኮ!» አሉኝ። እንግዲህ በሰው ፊት፣ ሰልፉ ከኋላችን እየተቁነጠነጠ፣ «እናቴ፣ የተጻፈው ልክ አይደለም» ማለት የእኔ ዕጣ ሆነ። ልጨምርላቸው ብልም በጄ አላሉም። ካልኩሌተሩን ከጋሪው አውጥተው መለሱት። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ጋዜጣውን ስላመነ ሲያፍር ማየት ምን እንደሚመስል ለዘጋቢያችሁ ባሳየሁት!

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ማጣራቱ ምን ያህል ቀላል እንደነበር ነው። ይህ ነገር በየዓመቱ መጣራት እንዳለበት የቨርጂኒያ የራሷ ታሪክ ምስክር ነው። በ2023 ሕጉ በጊዜው ሳይራዘም ቀርቶ ኦገስት ያለ እፎይታ አለፈ፤ በኋላ ተስተካክሎ ከኦክቶበር 20 እስከ 22 ተደረገ። ልጆቹ ክፍል ገብተው፣ ግማሹን እርሳስ አኝከው ከጨረሱ በኋላ ማለት ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን ማስታወቂያ በአማርኛ ጭምር ይተረጉማሉ። የፈረንጅ መሥሪያ ቤት በቋንቋችን በትክክል ሊነግረን ሲጥር፣ የራሳችን የዜና ምንጭ በራሳችን ቋንቋ ያሳስተናል። ድንቄም የማኅበረሰብ ድምፅ!

ለነገሩ የታክሱን ጉዳይ ይህን ያህል ማግዘፋችሁም ገርሞኛል። እስቲ አብረን እናስላ። በኦገስት መጀመሪያ መደብሮቹ ደብተር እስከ 25 ሳንቲም ድረስ ያወርዳሉ። ሃያ ደብተር 5 ዶላር ነው፤ በእኛ የ6 በመቶ ስሌት ታክሱ 30 ሳንቲም ይሆናል። ለዚች ብሎ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ተጨናንቆ፣ የአሜሪካን ሊጅን ድልድይን ተሻግሮ ቨርጂኒያ የሚዘልቅ ሜሪላንዳዊ ካለ ነዳጁን ዝግጅት ክፍሉ ይክፈልለት። ቅናሹ ያለው ዋጋው ላይ ነው። መደብሩ ደብተሩን በኪሳራ የሚሸጠው ለልጆቻችን አስቦ አይደለም፤ ለሃያ አምስት ሳንቲም ደብተር ገብተን የአርባ ዶላር ቦርሳና የምሳ ዕቃ ይዘን እንድንወጣ ነው። «ለአንድ ሰው ከዚህ በላይ አይሸጥም» የሚል ወረቀት የሚለጠፈውም ለዚሁ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ደብተሩን ብቻ ይዞ ይወጣል። ሜሪላንድ ያለን ሰዎች በሁለተኛው እሑድ ሳምንት መግዛት ያለብን ጫማና ልብስ ነው፤ እዚያ ላይ ታክሱ ቁም ነገር አለው። የ90 ዶላር ጫማ ላይ 5 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይተርፋል። የ110 ዶላሩ ላይ ግን ሙሉው ይከፈላል፤ «እስከ መቶው ተቀንሶልኝ የአሥሩን ብቻ» ብሎ ነገር የለም።

ትልቁን ቅናሽ ደግሞ ዘገባችሁ በስሙም አላነሣውም። በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ ከሚውለው ሌበር ደይ በኋላ መደብሮቹ መደርደሪያውን ለሃሎዊን ሊለቁ ሲቸኩሉ የተረፈውን በግማሽ፣ አንዳንዱንም ከግማሽ በታች ይጥሉታል። እኛ እንቁጣጣሽን ልንቀበል ሽር ጉድ በምንልበት ሰሞን ነው። ዘገባችሁ የሰደበውን ክምችት የምንከምረው ያኔ ነው።

እነሆ ወደ ስድቡ መጣሁ። በዘገባችሁ «አንዳንድ ታዛቢዎች» እንደሚሉት ከሆነ «ነገ እንደማይነጋ ገዝቶ መከመር የማኅበረሰባችን ልማድ» ሆኗል። እነዚህን አንዳንድ ታዛቢዎች አንድ ቀን ባገኛቸው ደስ ይለኝ ነበር። በየዘገባው አይጠፉም፣ ስም ግን የላቸውም፤ እርሳስ ገዝተው እንደሚያውቁም እጠራጠራለሁ። ከሜሪላንድ ያነጋገራችሁት አንድ ሰው የለም። አንድ ወላጅ፣ አንድ መምህር፣ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ለልጆች የሚያሰባስብ አንድ ሰው አልጠየቃችሁም። ጠይቃችሁ ቢሆን ኖሮ የምትሰሙት ይህን ነበር።

እኔ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ነኝ። ምድር ቤታችን ውስጥ አንድ መደርደሪያ አለኝ፤ ልጆቼ «የእማዬ ሱቅ» ይሉታል። ላዩ ለቤት ነው፤ ታቹ ለክፍል። በኦገስት ትምህርት ቤቱ «የሚያስፈልጉ ዕቃዎች» ብሎ የሚልከው ዝርዝር በኦገስት ላለ ልጅ የተጻፈ ነው። በፌብሩዋሪ ከአዲስ አበባ፣ ከአስመራ ወይም ከኤል ሳልቫዶር ለሚመጣ ልጅ ዝርዝርም የለው፣ ቅናሽም የለው። በዚያ ወቅት ያው ደብተር ከአንድ ዶላር በላይ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ያውም መደርደሪያው ላይ ከተገኘ። አዲስ የመጣ አንድ ልጅ ከጓደኛው ደብተር የተገነጠለች ወረቀት ተሰጥታው፣ ቦታ እንዳያልቅበት አራት ላይ አጥፎ፣ በእያንዳንዷ እጥፋት የተለየ ትምህርት ሲጽፍ አይቻለሁ። ሒሳብ በአንዱ፣ ንባብ በሌላው። ጠጋ ብዬ ስቆም ወረቀቷን በክንዱ ሸፈናት። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ነው በሴፕቴምበር የምንከምረው፤ «ነገ እንደማይነጋ» አይደለም፣ ነገ እንደሚነጋ ስለምናውቅ ነው!

ይህን ጉዳይ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ እንኳን ከእናንተ ይልቅ ተረድቶታል። የፌዴራሉ ሕግ ለክፍላቸው ከኪሳቸው የሚገዙ መምህራን፣ ማንም ያልተካላቸውን ወጪ፣ በ2025 እስከ 300 ዶላር፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢያቸው እንዲቀንሱ ይፈቅዳል። መብቱ የመምህራን ብቻ አይደለም። በአንድ የትምህርት ዓመት ቢያንስ 900 ሰዓት የሠራ ረዳት መምህርም ይጠቀምበታል። በዚህ አካባቢ በረዳት መምህርነት የሚሠሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም፤ ደረሰኛቸውን ቅርጫት ውስጥ የሚጥሉም አሉ። ሁለት መስመር ሰጥታችሁ ይህን ብትጽፉ ስንቱን በጠቀማችሁ ነበር። ደረሰኝ አስቀምጡ! (ይህኛውን ለዘጋቢያችሁ ሳይሆን ለአንባቢ ነው የምለው።)

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ዘገባው በመጨረሻ ቸር ሆኖ «የተረፈውን ደብተር ሻንጣ ሞልቶ ለአገር ቤት ልጆች መላክ» ይመክራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሚዛን ላይ ያልወጣ መሆኑ ነው እንጂ። ባለ 70 ቅጠሉ የአሜሪካ ደብተር አንዱ ሩብ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ መንገደኛ 23 ኪሎ ሻንጣውን በእርሱ ብቻ ቢሞላ መቶ አይገባለትም፤ ሽቦው ከሽቦ እየተጠላለፈ፣ ሽፋኑ እየተቀደደ። አገር ቤት ደብተር የሚሸጥ ሰው እንደሌለ! የእኛ ማኅበር ለደብተሩ ገንዘብ ይልካል፤ እዚያው በደርዘን ይገዛል፣ ነጋዴውም ይጠቀማል። በሻንጣ የሚሄደው ቀላልና እዚያ ውድ የሆነው ነው፦ ካልኩሌተር፣ ኮምፓስና ማስመሪያ ያለበት የጂኦሜትሪ ሳጥን፣ መቅረጫ፣ እርሳስ። ለመቶ ልጅ አንዳንድ እርሳስ ቢታደል አንድ ኪሎ አይሞላም። በሴፕቴምበር በግማሽ ዋጋ ገዝተን ለገና ከሚሄድ ሰው ጋር እንልካለን። ማርከርና ሙጫ ግን አናስቀምጥም፣ ይደርቃሉ። ክራዮንም መኪና ውስጥ አይረሳም፤ በበጋው ሙቀት ቀልጦ ወንበሩን ያበላሻል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሜሪላንድ ሳምንት ገና አልደረሰም፤ የሚጀምረው በሚመጣው እሑድ ነው። ማስተካከያው ከዚያ በፊት ይውጣ። ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ተደብቆ ሳይሆን፣ ዘገባው ወጥቶ በነበረበት ቦታና በዚያው መጠን ይውጣ። ደብተር የሚለውን ትታችሁ ጫማና ልብስ በሉ፤ የ100 ዶላሩን ጣሪያ፣ የቦርሳውን 40 ዶላር ጻፉ። ዲሲን አውጧት። «አንዳንድ ታዛቢዎች»ንም ወይ በስማቸው አምጧቸው ወይ አሰናብቷቸው። ዘጋቢያችሁ የሚያጣራበት ቦታ ካጣም የሜሪላንድ ኮምፕትሮለር መሥሪያ ቤት የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን በዝርዝር ድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል፤ ለማንበቡ ታክስ አይከፈልም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ረዳት መምህርት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ