የጉልበት ተመራማሪውን በሳይቴሽን ብቻ አትንገሩን

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው እሁድ ስለ ኦስቲኦአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ልም አጥንት እየተበላ የሚመጣው በሽታ) ተመራማሪዎች ያወጣችሁትን ገጽ ቡናዬን ይዤ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት፣ ምክንያቱም ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት እንጂ ስለ ጉልበት የሚጽፍ የለም። ግን ከላይ እስከ ታች ሳይቴሽን፣ ኤች ኢንዴክስ (እሱም ከሳይቴሽን የሚሰላ ነጥብ ነው)፣ ከዓለም ስንተኛ ምናምን፣ የፕሪሚየር ሊግ ጎል አግቢዎች ሰንጠረዥ ነው የመሰለኝ። ሰዎቹ ምን አገኙ የሚል አንድ መስመር የለበትም።

ሳይቴሽን ማለት እኮ ሌላ ተመራማሪ ወረቀትህን ጠቅሶ ጻፈ ማለት ነው፣ በቃ። አመስግኖ ይጥቀስህ ተቃውሞህ ይጥቀስህ ቆጠራው ላይ እኩል ነው። እኔ 31 ዓመት ኤክስሬይ ሳነሳ የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ፣ በኛ ሙያ የ1957ቱን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የኬልግረንና የሎውረንስን ወረቀት የማይጠቅስ የለም፣ ማንቸስተር የሠሩት ነው፣ የጉልበት ኤክስሬይን ከ0 እስከ 4 ደረጃ የሚሰጠው። ስንቱ አንብቦት ነው የሚጠቅሰው? እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ነው፣ ሜትሩን ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እስቲ ዴቪድ ፌልሰንን እንውሰድ፣ የቦስተን ዩኒቨርሲቲውን የኦስቲኦአርትራይተስ ተመራማሪ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም የምትባል ከተማ አለች፣ ከ1948 ጀምሮ ነዋሪዎቿን ለልብ በሽታ ጥናት ሲለኩና ሲመዝኑ የኖሩባት። እነ ፌልሰን ምን አሰቡ፣ እነዚያው ሰዎች ሲያረጁ በ1980ዎቹ ጉልበታቸው ኤክስሬይ ተነሳና ከ36 ዓመት በፊት የተመዘገበው ኪሏቸው ከመዝገብ ወጣ። ይሄ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ መሰላችሁ፣ ጉልበቱን ስላመመው ተቀምጦ ወፈረ ወይስ ስለወፈረ ጉልበቱ ተበላ የሚለውን ክርክር ዛሬ መዝነህ ዛሬ ኤክስሬይ አንስተህ አትፈታውም፣ የቱ እንደቀደመ ማወቅ አለብህ። ኪሎው ነው የቀደመው። የ1988ቱ ወረቀት ላይ በጣም ወፍራም የነበሩት ሴቶች በጉልበት ኦስቲኦአርትራይተስ የመያዝ አደጋቸው ከቀለሉት ጋር ሲተያይ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፣ ወንዶቹ አንድ ተኩል። ከዛ በ1992 ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ አምስት ኪሎ ገደማ የቀነሱ ሴቶች የሚያም የጉልበት ኦስቲኦአርትራይተስ የመያዝ ዕድላቸው ከግማሽ በላይ ወርዶ ተገኘ። አምስት ኪሎ ብቻ (ሰፈሩን አይደለም የምለው)። ይሄን ነው አንባቢያችሁ ያጣው።

ሌላው ነገር ደግሞ በራሴ ዓይን ያየሁት ነው። ፊልሙ ላይ ጉልበቱ ድምጥማጡ የጠፋ፣ ልም አጥንቱ አልቆ አጥንት ከአጥንት የተጋጠመ ሽማግሌ ከእንጦጦ በእግሩ ወርዶ መጥቶ ተነስቶ ይሄዳል፣ ከሱ ቀጥሎ የገባችው ሴትዮ ፊልሟ ንጹህ ሆኖ ከህመሙ ብዛት ታለቅሳለች። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው እያልኩ ስንቴ ደግሜ አንስቻለሁ መሰላችሁ። ለካ ልም አጥንት ነርቭ የለውም፣ በራሱ አያምም። እነ ፌልሰን በ2001 በኤምአርአይ ሲያዩት ከልም አጥንቱ ሥር ያለው አጥንት መቅኒ ላይ የሚወጣ ጉዳት ኤክስሬይ ላይ ኦስቲኦአርትራይተስ ከታየባቸው ሰዎች መካከል ጉልበታቸውን ከሚያማቸው 77.5 በመቶው ላይ ሲገኝ ከማያማቸው 30 በመቶው ላይ ነው የተገኘው። ያን ባነበብኩ ቀን ያቺ ሴትዮ ትዝ አለችኝ።

በ2008 ደግሞ ኢንግሉንድ ከሚባል ተመራማሪና ከባልደረቦቹ ጋር ሆነው እዛው ፍራሚንግሃም የ991 ሰው ጉልበት በኤምአርአይ አዩ። ሜኒስከሳቸው (ጉልበት ውስጥ በሁለቱ አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ) ተቀዶ ከተገኙት 61 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ምንም አላመመንም ያሉ ናቸው። ጎረቤቴ ይሄን ብታውቅ ኖሮ። ለእቁብ ያስቀመጠችውን ብር ለኤምአርአይ ከፍላ "ሜኒስከስሽ ተቀዷል" ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሸኟት፣ ሁለት ወር ሙሉ ደረጃ መውጣት ፈርታ ቤት ተቀመጠች። ቅድሚያ ወጌሻ ጋ ሄዳ ቢሆን እንኳ እንዲህ አትፈራም ነበር፣ ወጌሻን እያሞገስኩ አይደለም።

ደግሞ ኪሎ ብቻ ነው ብዬ እንዳላሳስታችሁ። ቤጂንግ ላይ ከቻይኖቹ ጋር ሆነው ሲያጠኑ እዛ ያሉት አሮጊቶች ከፍራሚንግሃሞቹ ቀጫጭን ሆነው ሳለ ጉልበታቸው ግን የበለጠ የተበላ ነው፣ ዳሌያቸው ደግሞ ከአሜሪካኖቹ በጣም ደህና ነው። ወጣት እያሉ በቀን ለሰዓታት ቁጢጥ ይሉ የነበሩት ላይ የጉልበቱ ነገር ይብሳል። ይሄን ሳነብ እናቴ ናት ፊቴ የመጣችው፣ ልብስ ስታጥብ ቁጢጥ፣ ምጣዱ ፊት ቁጢጥ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ቁጢጥ። ኪሎዋ 48 ነበር እኮ። ሁሌም "ቁርጥማት ነው" ትል ነበር።

እና ሌላ ጊዜ የሳይንቲስት ደረጃ ስታወጡ ከቁጥሩ ሥር ሁለት መስመር ጨምሩልን፣ ምን ጠይቆ ምን እንዳገኘ።

በነገራችን ላይ ከጽሑፉ ጋር "የተጎዳ ጉልበት" ብላችሁ ያወጣችሁት ኤክስሬይ የክርን ነው። ደህና ክርን ነው፣ ምንም አልሆነም።

ጡረተኛ የኤክስሬይ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ