ጠይቃ ዝም የምትል መምህርት በአማርኛም ትኑረን

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ሕፃናትን ከስክሪን ስለ ማራቅ የሚጻፈውን አነባለሁ፤ አብዛኛው ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላቸው ስክሪን ጭራሽ አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። ዛሬ የምጽፈው ግን ዩቲዩብ ላይ ስላገኘኋት፣ ሚስ ሬቸል ስለምትባል አንዲት መምህርትና እኛ በአማርኛ ስለጎደለን ነገር ነው።

ልጃችን 2 ዓመት ሞልቷት ገና ቃል አልወጣትም ነበር። ትስቃለች፣ ትጠቁማለች፣ እጄን ጎትታ ፍሪጅ በር ላይ ታደርሰኛለች። ቃል ግን የለም። አንድ የጤና ባለሙያ «ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቷት ይሆናል፣ አማርኛውን ለጊዜው ተዉት» አሉን። ተውነው። ባለቤቴ ልጇን በእንግሊዝኛ ለማባበል ስትሞክር ቃል እያጠራት መሃል ላይ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ እስካሁን ያንገበግበኛል። እሹሩሩ የሚባልበት ቤት ጭር አለ።

እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ 3 ዓመት ላልሞላቸው፣ እድገታቸው ለዘገየ ልጆች ነፃ የእርዳታ ፕሮግራም አለ። ወላጅ ራሱ ደውሎ ማመልከት ይችላል። ይህን የማያውቅ አንባቢ ካለ ዛሬውኑ ይደውል። በዚያ በኩል ቤታችን የመጣችው ስፒች ቴራፒስት (የንግግር ሕክምና ባለሙያ) የመጀመሪያ ቃሏ «አማርኛ አውሯት» የሚል ነበር። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት እንደማያመጣ አስረዳችን። ልጅ የሚፈልገው አፋችን በተፈታበት ቋንቋ የሚፈስ ወሬ ነው አለችን። ያን ቀን ማታ ባለቤቴ እያለቀሰች ነው ልጇን ያስተኛቻት።

ሚስ ሬቸልንም ያወቅናት ያኔ ነው። ሙሉ ስሟ ሬቸል ግሪፊን አኩርሶ ይባላል። ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ የሕፃናት የሙዚቃ መምህርት ነበረች። የገዛ ልጇ አፉን ለመፍታት ዘገየባት። ለእሱ የሚሆን ዝግ ያለ ፕሮግራም ፈልጋ ስታጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሙዚቀኛ ከሆነው ባሏ ጋር ራሷ መቅረጽ ጀመረች። ዛሬ ኔትፍሊክስም ያሳያታል።

ሥራዋን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶ ይመጣል። ከንፈሯ ሲገጥምና ሲከፈት በግልጽ ይታያል። ድምጿን አቅጥና፣ ቃሉን ጎትታ «ማማ» ትላለች። ትደግመዋለች። ከዚያ የሚያያትን ልጅ እስቲ በል ብላ ትጠይቅና ዝም ትላለች። ዓይኗን ካሜራው ላይ ተክላ ትጠብቃለች። ለትልቅ ሰው ያ ዝምታ ረጅም ነው። ልጄ ግን በዚያች ክፍተት ውስጥ ከንፈሯን ገጥማ ስትታገል በዓይኔ አይቻለሁ።

ቪዲዮ ብቻውን ቋንቋ ያስተምራል እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት 12 ጊዜ ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። አጠገባቸው ከተቀመጠ ሰው የሰሙት የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ግን አልቻሉም። እኔ ከሚስ ሬቸል የተማርኩትም ለራሴ ነው። ለካ ልጄን «ውሃ ትፈልጊያለሽ?» ብዬ አፌን ሳልዘጋ ብርጭቆውን አቀብላት ነበር። አሁን ጠይቄ በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። ይከብዳል፤ እጅ ይቸኩላል። ግን እቆጥራለሁ።

አሁን ወደ አማርኛችን ልምጣ። ለሕፃናት ብዬ ስፈልግ የማገኘው አብዛኛው የሚሮጥ ካርቱንና የሚጮህ ሙዚቃ ነው። ወይም ሀ ሁ ሂ። ውሃ ብላ መጠየቅ ላልቻለች ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል? ይደርሳል። ደግሞ እኮ አቅሙ የለንም እንዳይባል፣ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሠርታ፣ በካልሲ በተሠራች ቀጭኔ የስንቱን ቤት ልጅ አስተምራለች። ያ ግን ከፍ ላሉ፣ ለሚናገሩ ልጆች ነው። ገና አፋቸውን ላልፈቱት የሚሆን ያስፈልገናል።

ከእንግሊዝኛው ገልብጦ መተርጎም ደግሞ አይሆንም። እንግሊዝኛው ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው። በአማርኛ በል ወይስ በይ? አንዱን ስትመርጡ ሌላው ልጅ ይቀራል። «እስቲ አብረን እንበል» ቢባል ሁለቱም ይገባሉ። ጠ፣ ቀ እና ጨም አሉ። እነሱን ጥርት አድርጎ፣ አፍን እያሳዩ የሚያሰማ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አንዲት የሕፃናት መምህርት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ስቱዲዮም አያሻትም። ስልክ፣ የመስኮት ብርሃን፣ ረጋ ያለ ዜማና ትዕግሥት ይበቃታል። ከጋዜጣችሁ አንባቢዎች መካከል እንዲህ ያለች መምህርት እንዳለች አምናለሁ። እባክሽ ጀምሪው። ሥራሽን ለማውቀው ወላጅ ሁሉ አደርሳለሁ።

ጠይቆ መጠበቅ ለእኛ እንግዳ ነገርም አይደለም። እንቆቅልሽ ያለ ሰው ምን አውቅልህ እስኪባል ይጠብቃል። ኩኩሉም እንደዚያው ነው። እናቴ ደሴ ናት። እሁድ እሁድ በቪዲዮ ስትደውል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ «ኩኩሉ!» ትላለች። ከዚያ ዝም። ለወራት «አልነጋም» እያልን የምንመልሰው እኔና ባለቤቴ ነበርን።

ባለፈው እሁድ ኔትወርኩ ተንቀራፈፈና እናቴ ነጠላውን እንደለበሰች ቀጥ አለች። ተቋረጠ ብዬ ስልኩን ላነሳ ስል፣ ልጄ አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ጎንበስ አለች።

«ጋም!» አለች።

አክባሪያችሁ፣
የአንዲት ልጅ አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ